በረዶ የመታው ማሳና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ድርሻ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በሐሙሲት የቀረበ ንግግር)





በእንዲህ ያለ የበዓል ቀን ስለ ምርት እድገት፣ ስለ ማዳበሪያ አቅርቦትና ስለ ገበያ ትስስር ብዙ ይነገራል። መነገሩም ተገቢ ነው። ይህ ንግግር የሚያተኩረው ግን በየዓመቱ ጉዳት እያደረሰ በሪፖርት ላይ እምብዛም በማይታይ ጉዳይ ላይ ነው። ይኸውም በበልግ ወራት፣ በተለይም በሚያዝያና በግንቦት፣ በደቡብ ጎንደር ደጋና ወይና ደጋ ላይ የሚወርደው በረዶና ነፋስ የቀላቀለ ከባድ ዝናብ ነው።

ወሩ ራሱ ክፉ ወር ነው። ጎተራው የሚሟጠጥበት፣ የጉማራን ውኃ ጠልፎ ሽንኩርት ያለማው አርሶ አደር ምርቱን ነቅሎ ማሳ ላይ የሚከምርበት፣ በደራ ወረዳ የበቆሎ ዘር መሬት የሚገባበት፣ በጉና ግርጌ ደግሞ የበልግ ድንችና ገብስ ለምለም የሚሆንበት ወቅት ነው። ማዳበሪያውም ከማኅበሩ በዱቤ ተወስዷል። እንግዲህ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁራል፣ ነፋሱ አቧራውን ያነሳል፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት እንኳ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ የወራት ድካም መሬት ላይ ይተኛል። የቤቱ ቆርቆሮ ይነቀላል፤ የሣር ክምሩ ይበተናል፤ ጠቦቶች በብርዱ ያልቃሉ።

በረዶ ለምን በዚህ አገር ይበዛል? የጣና ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ታቦር ከ2,600 ሜትር በላይ ነው፤ የጉና ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በበልግ ወራት ፀሐይ ቀኑን ሙሉ መሬቱን ታግላለች። እርጥበት ያለው የሞቀ አየር ዳገቱን ተከትሎ ወደ ላይ ይመዘዛል፤ ደመናውም ከፍታው እየጨመረ ይሄዳል። በደመናው ውስጥ ያለው ኃይለኛ ነፋስ የቀዘቀዘውን ጠብታ ወደ ላይ እያነሳ ያቆየዋል፤ በቆየ ቁጥር ሌላ የበረዶ ልባስ ይጨምራል። ትልቅ የበረዶ ድንጋይ በቢላ ለሁለት ቢከፈል እንደ ሽንኩርት ተደራራቢ ሆኖ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ነፋሱ ሊሸከመው ሲያቅተው ይወርዳል። ቆላ ላይ ቢሆን በሞቃቱ አየር ውስጥ ረጅም መንገድ ስለሚጓዝ አብዛኛው ቀልጦ ዝናብ ይሆናል። ደጋ ላይ ግን መሬቱ ለቀዝቃዛው አየር ቅርብ ስለሆነ ሳይቀልጥ ይደርሳል።

ከሁሉም በላይ ልብ ሊባል የሚገባው የበረዶ ጠባይ ግን ጠባብ መሆኑ ነው። ደመናው እየሄደ ስለሚጥል በረዶው እንደ መቀነት የተዘረጋ ቦታ ይመታል። አንድ ጎጥ ተመትቶ ከወንዙ ማዶ ያለው ጎጥ ምንም ላይነካ ይችላል። በዚህ የተነሳ የቀበሌው አማካይ ምርት ሲሰላ ጥሩ ሆኖ ይገኛል። አርባ አባወራ ባዶ እጁን ቀርቶ የቀበሌው ሪፖርት «ምርቱ ከአምናው የተሻለ ነው» ሊል ይችላል። ሪፖርቱ አልዋሸም፤ አማካይ ግን የተመታውን ሰው አያሳይም።

ይህን ከጎርፍ ጋር ማነጻጸር ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ገንፍለው የፎገራና የሊቦ ከምከም ሜዳ በውኃ ተጥለቅልቆ ነበር። በዚያው ክረምት ሐምሌ 30 የድሬዳዋ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። አገር አወቀው፣ መንግሥትም ለጋሽ ድርጅቶችም ደረሱ። ጎርፍ ሰፊ ነው፣ ይታያል፣ ፎቶግራፍ ይነሳል። በረዶ ግን በማግሥቱ ቀልጦ ይጠፋል፤ የሚቀረው የተሸነተረ ቅጠልና የማዳበሪያ ዕዳ ነው።

ጉዳቱም በዚያው ማሳ ላይ አያበቃም። ሰብሉ የተመታበት አርሶ አደር የዱቤው መክፈያ ሲደርስ የሚሸጠው ከብት ብቻ ነው። ሁሉም ለመሸጥ በሚወጣበት ወር በሬውን ይዞ ገበያ ይወጣል፣ በረከሰ ዋጋም ይሰጣል። በሬ የሌለው ሰው በቀጣዩ ዓመት መሬቱን ለእኩል ይሰጣል። ስለዚህ የግማሽ ሰዓት በረዶ አንድን አራሽ የሁለትና የሦስት ዓመት ድሃ ያደርገዋል። የኅብረት ሥራ ማኅበርም ያልተመለሰ ብድርና የማይሸጥ አባል ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ጉዳዩ የርኅራኄ ብቻ ሳይሆን የማኅበሩ የራሱ ሂሳብ ነው።

እዚህ ላይ ከግብርና ሥራው አንጻር አንድ ነገር ሰፋ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል፤ በየዓመቱ በዚህ ምክንያት ብቻ የሚጠፋ ምርት አለና። በረዶ የመታው የበቆሎ ማሳ በማግሥቱ ሲታይ ያስለቅሳል። ቅጠሉ እንደ ገመድ ተሸንትሮ ጭቃ ላይ ተለጥፏል። ብዙ ሰው በዚያው ሳምንት በሬ ጠምዶ ይገለብጠዋል። ይህ ችኮላ ነው። በቆሎ አምስትና ስድስት ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ ወደፊት የሚያድግበት እምቡጥ ያለው ከአፈር በታች ነው። በረዶው የመታው ቅጠሉን እንጂ እምቡጡን አይደለም። ስለዚህ ከሰባት እስከ አሥር ቀን መጠበቅ ይገባል። ከዚያም ከማሳው ልዩ ልዩ ቦታ ጥቂት ተክሎችን ነቅሎ አገዳውን በቁመቱ መሰንጠቅና መሃሉን ማየት ነው። ነጭና ጠንካራ ከሆነ ተክሉ በሕይወት አለ። ቡናማ ሆኖ ከላላና ከሸተተ ሞቷል። በሕይወት ያለው የሚበዛ ከሆነ ማረምና መኮትኮት፣ የቀረውን ዩሪያም በወቅቱ መስጠት እንጂ መገልበጥ አያስፈልግም። የሞተው ከበዛ ደግሞ ጊዜ አላለፈም። ማሳው በሰኔ ለዳጉሳ፣ በሐምሌ ለጤፍ ይደርሳል፤ ከገባው ማዳበሪያም የተወሰነው አፈሩ ውስጥ ስላለ ፈጽሞ ከንቱ አልሆነም።

የሌሎቹ ሰብሎች ነገር እንደ ዕድገት ደረጃቸው ይለያያል። ድንች ገና በለጋነቱ ከተመታ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ አበባ ካወጣ በኋላ ቅጠሉን ካጣ ግን ሥሩ ሳይሞላ ይቀራል፣ በቁስሉም በኩል በሽታ ይገባል። ጤፍ በክረምት በሚያቆጠቁጥበት ወቅት ቢመታ ይመለሳል፤ በሚያሸትበት ጊዜ ከሆነ ግን ይጋደማል፣ ፍሬውም ይረግፋል፣ ተስፋ የለውም። ተነቅሎ የተከመረ ሽንኩርት ዝናብ ከነካው ጥላ ሥር ስስ አድርጎ ዘርግቶ ማድረቅ፣ በረዶ ያቆሰለውን ለይቶ አስቀድሞ መሸጥ ነው። ጤነኛውንና የቆሰለውን አንድ ላይ ማከማቸት ሁሉንም ያበሰብሳል።

የክረምት ሰብሉ ዘግይቶ ከተመታና ሌላ የሚዘራ ከጠፋ በጥቁር አፈር ላይ በመስከረም በቀሪው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ሽምብራው ይመረጣል። ጓያ ክፉ ቀንን የሚችል ሰብል መሆኑ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ሌላ እህል በሌለበት ለወራት እሱ ብቻ ከተበላ እግር ያሽመደምዳል። በ1960ዎቹ መጨረሻ በደምቢያና በፎገራ በርካታ ሰዎች በዚሁ ምክንያት ሽባ ሆነዋል። ጓያ የሚበላ ቤተሰብ ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል አለበት። የሚቀላቅለው እህል ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ ደግሞ ወደ ማኅበሩ መጋዘን ይመልሰናል።

ስለ መብረቅም በአጭሩ። ዝናቡ ሲመጣ ብቻውን በቆመ ዛፍ ሥር መጠለል፣ ከብቶችንም እዚያ ማከማቸት ሰውንም ከብትንም ያስጨርሳል። እረኛ ልጅ ይህን ማወቅ አለበት፤ ለእረኛ የሚነግረውም አባቱ ነው።

ሌላው ጥንቃቄ የሚሻ ጉዳይ በረዶ በጣለ ቁጥር በገጠሩ የሚነሳው ወቀሳ ነው። «እገሌ በዓል ሽሮ አርሶ ነው» እየተባለ ጎረቤት ከጎረቤት ይቃቃራል። በዓል ማክበር የየሰው እምነት ነው፣ ክብርም ይገባዋል። ይሁን እንጂ አንድ ጎጥ የተጎዳ ዕለት መደጋገፍ ሲገባው ጥፋተኛ ፍለጋ ከሄደ በረዶው ሁለት ጊዜ መታው ማለት ነው። በረዶውን በኃይል ለማስቆም የሞከሩም አሉ። በኦስትሪያና በሰሜን ጣሊያን እ.ኤ.አ. ከ1896 ጀምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ መድፎች ወደ ደመና ይተኮሱ ነበር። በረዶው ግን መውረዱን አልተወም፣ መድፎቹም ተተዉ።

ፍሬ የሰጠው ሌላ መንገድ ነው። በሰሜን ጀርመን በሜክለንበርግ አገር እ.ኤ.አ. በ1797 አራሾች ራሳቸው ተሰባስበው የበረዶ መተጋገዣ ማኅበር መሠረቱ። በረዶ ያልነካው ለተነካው ያዋጣል፤ የከርሞው ተራ የማን እንደሆነ ማንም አያውቅምና። የስዊዘርላንድ ገበሬዎችም በ1880 ተመሳሳይ ማኅበር በኅብረት ሥራ መልክ አቋቁመዋል። ለዚህ አገር ሰው ይህ እንግዳ አይደለም፤ የእድር አሠራር ነው። እድር ለቀብር ያደረገውን ለማሳ ማድረግ ማለት ነው።

በአገራችንም በትግራይ በአዲ ሓ በ2001 ዓ.ም. የአየር ንብረት መድን ተጀምሮ ነበር። የዝናቡ መጠን በሳተላይት እየታየ ድርቅ ሲሆን ለአርሶ አደሩ የሚከፈልበት አሠራር ነው። ለድርቅ መልካም ነው፤ ድርቅ ሰፊ ነውና ከላይ ይታያል። አንዲት ጎጥ ላይ የወረደን በረዶ ግን እንዲህ ያለው መለኪያ አያገኘውም፤ እንዲያውም በዚያ ቀን ጥሩ ዝናብ ዘነበ ብሎ ሊመዘግብ ይችላል። በረዶን ማየት የሚችለው እዚያው ያለ ሰው ነው፤ በየጎጡ ሰው ያለው ደግሞ የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው።

የዩኒየን ጥቅም ጎልቶ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። አንድ መሠረታዊ ማኅበር ብቻውን ፈንድ ቢያቋቁም በረዶው በማኅበሩ ቀበሌ ላይ ከወረደ አዋጪውም ተረጂውም አንድ ይሆናሉ። ዩኒየን ግን ብዙ ቀበሌዎችን ስለሚያቅፍ በአንድ ቀን ሁሉም አይመታም። ለምሳሌ ያህል 10,000 አባላት ያሉት ዩኒየን ነው እንበል። እያንዳንዱ አባል በመኸር ወቅት 5 ኪሎ እህል ቢያዋጣ 500 ኩንታል ይሰበሰባል። በዓመቱ 200 አባወራ ቢመታ ለእያንዳንዱ ሁለት ኩንታል ተኩል ይደርሰዋል። ይህ የጠፋውን ሁሉ አይተካም። ለመልሶ ዘርና ለጥቂት ወራት ቀለብ ግን ይበቃል፣ በሬውንም ከገበያ ያስቀራል።

አዋጅ ቁጥር 147/1991ም ሆነ እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 985/2009 ማኅበራት ከተጣራ ትርፋቸው መጠባበቂያ እንዲይዙ ይደነግጋሉ። ለበረዶ የሚውለው ግን ራሱን የቻለ፣ በጠቅላላ ጉባኤ የተወሰነ፣ ሂሳቡም በየዓመቱ ለአባላት የሚነበብ ቢሆን ይሻላል።

የሚነሱ ተቃውሞዎች አሉ፤ ሊሸፋፈኑም አይገባም። የሜዳው አባል «በረዶ የደገኛው ችግር ነው፤ የእኔ ጎርፍ ነው» ሊል ይችላል። እውነት አለው። በአንድ ጊዜ ሺህ አባወራ የሚያጥለቀልቅ ጎርፍን እንዲህ ያለ ፈንድ አይችለውም፤ እችላለሁ ብሎ ቃል መግባትም አባልን ማታለል ነው። ይሁን እንጂ በረዶና መብረቅ፣ ነፋስም ቢሆን፣ ሜዳውን አይምርም። የሜዳውን ሽንኩርትም ይመታል። ሌላው ስጋት ማጭበርበር ነው። ያልተመታው ተመታሁ ቢልስ? መድኃኒቱ ምዝገባ ነው። በረዶው በጣለ በሦስት ቀን ውስጥ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ጎጡ፣ የሰብሉ ዓይነትና የደረሰበት ደረጃ፣ የማሳው ስፋትም በሦስት ጎረቤቶች ምስክርነት ይጻፋል። ከአሥር ቀን በኋላ የግብርና ባለሙያው ባለበት እንደገና ይታያል። ሁለተኛው ጉብኝት የግድ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን የሞተ የሚመስለው ለጋ በቆሎ በአሥረኛው ቀን አረንጓዴ ሆኖ ይገኛልና። ከወረዳው የሚጠበቀውም ይህ መዝገብ ሲቀርብለት በጎጥ ደረጃ መቀበልና ለተመዘገቡት አባወራዎች የዱቤ መክፈያ ጊዜ እንዲራዘም መወሰን ነው።

ዘሩም አስቀድሞ መጋዘን መግባት አለበት። በግንቦት መጨረሻ ለተመታ ማሳ በሐምሌ መጨረሻ የሚደርስ ዘር ምንም አይፈይድም። ቶሎ የሚደርስ የጤፍና የዳጉሳ ዘር በጥር ተገዝቶ፣ ብቅለቱ በመጋቢት ተፈትሾ፣ በሚያዝያ በየመሠረታዊ ማኅበሩ መቀመጥ ይኖርበታል። በረዶ ሳይጥል ከቀረ ዘሩ በሰኔ ለአባላት ይሸጣል፤ ገንዘቡም ለከርሞ ይዞራል። የመጋዘኑ ቁልፍ በማን እጅ እንደሚሆንና ሊቀመንበሩ በሌለበት ቀን ማን እንደሚከፍት በዚህ ዓመት ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በስም ተለይቶ ይወሰን።