የዘገየ ፓኬትና የደቻቱ ጎርፍ



በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በድሬ ዳዋ የደረሰውን ጎርፍ የማያስታውስ በዚህ ጉባኤ መካከል አይገኝም። ከዚራንና መጋላን የሚለየው፣ አብዛኛውን ወራት ደረቅ አሸዋ የሆነው የደቻቱ ወንዝ ሕዝቡ በተኛበት ሌሊት ሞልቶ ወጣና ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ሕይወት ቀጠፈ። ደቻቱን የሚሞላው ይልቁንም በደቡብ በኩል ካለው ደጋ የሚወርደው ውሃ ነው። ስለዚህ በላይኛው ተፋሰስ የዝናብና የወንዝ ከፍታ መለኪያ ተክሎ ልኬቱን በሽቦ አልባ መገናኛ ወደ ከተማይቱ መላክ ይገባል የሚለው ሐሳብ ለማንም መሐንዲስ ወዲያው ይታየዋል። እንዲህ በቀላሉ የማይታየው፣ ልኬቱ ሳይሳሳት ደርሶ ሳለ ከንቱ ሊሆን የሚችል መሆኑ ነው።

ራዲዮ ስሕተት የሚበዛበት መንገድ እንደሆነ ከቴሌግራፍ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው። ሆላንዳዊው መሐንዲስ ፋን ዱረን በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለራዲዮ ቴሌግራፍ ባበጀው ዘዴ እያንዳንዱ ፊደል በ7 ምልክቶች ይላክ ነበር። ከሚቻሉት 128 አቀማመጦች የተፈቀዱት 35ቱ ብቻ ስለ ነበሩ፣ ተቀባዩ መሣሪያ ያልተፈቀደ አቀማመጥ ሲያገኝ እንዲደገምለት በራሱ ይጠይቅ ነበር። የዛሬው የተንቀሳቃሽ ስልክና የዋይ ፋይ ዘዴ ረቂቅነቱ ይጨምር እንጂ መሠረቱ ይኸው ነው፤ ላኪው በፓኬቱ ላይ የማረጋገጫ ቁጥር ያክላል፣ ተቀባዩ ቁጥሩ ካልተስማማ ይጥለዋል፣ “ደርሷል” የሚል ምላሽ ያጣ ላኪም ይደግማል።

በወረቀት ላይ ሲሰላ ውጤቱ የሚያረካ ነው። ከ100,000 ቢት አንዱ የሚበላሽበት መስመር 12,000 ቢት ካላቸው ፓኬቶች ከመቶ 11 ያህሉን ያበላሻል፤ 1,000 ቢት ካላቸው ግን ከመቶ 1 ያህሉን ብቻ። ሦስት ጊዜ መድገም ቢፈቀድ የረጃጅሞቹ ኪሳራ እንኳ ከ10,000 ወደ 2 ገደማ ይወርዳል። ይሁን እንጂ ይህ ስሌት ስሕተቶቹ እርስ በርሳቸው የማይያያዙ እንደሆኑ ይገምታል። በተራራና በሸለቆ መካከል የሚያልፍ ሞገድ ሲደክም ለሰከንዶች፣ አንዳንዴም ለደቂቃዎች ሊደክም ይችላል። በሺሕኛ ሰከንድ ልዩነት የተደጋገሙት ፓኬቶች ሁሉ በዚያው ድካም ውስጥ ይጠፋሉ። ከዚህም የከፋው፣ ከ10 ጊጋ ኸርዝ በላይ የሚሠሩትን የማይክሮዌቭ መስመሮች ኃይለኛ ዝናብ ራሱ የሚያደክማቸው መሆኑ ነው። መልእክቱ እጅግ የሚፈለግበትና መንገዱ የሚዘጋበት ሰዓት አንድ ይሆናሉ።

በዚህ ላይ በኢንተርኔት የተለመደው ቲ.ሲ.ፒ. የተባለው ደንብ ሲጨመር መዘግየቱ ይባባሳል። ይህ ደንብ የፓኬትን መጥፋት የመንገድ መጨናነቅ ምልክት አድርጎ ስለሚቆጥር፣ ምላሽ ባጣ ቁጥር የሚጠብቅበትን ጊዜ በእጥፍ ያሳድጋል። በ1 ሰከንድ ከጀመረ የሚደግመው በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ15ኛው፣ በ31ኛውና በ63ኛው ሰከንድ ነው። ሞገዱ በ35ኛው ሰከንድ ቢመለስ ላኪው ለ28 ሰከንድ ክፍት በሆነ መንገድ ላይ ዝም ብሎ ይቆማል። በሽቦ ለተጨናነቀ መንገድ የተገባ ትሕትና እዚህ ላይ ስንፍና ይሆናል። በተጨማሪም ደንቡ ቅደም ተከተልን ስለሚጠብቅ አዲሱ የወንዝ ከፍታ ያረጀው እስኪያልፍ ድረስ ከኋላ ይሰለፋል።

የዚህ ሁሉ ምንጭ መልእክቶችን ሁሉ በአንድ ዓይን ማየት ነው። በስልክ ንግግር መካከል አንድ ቁራጭ ድምፅ ቢጠፋ ዘግይቶ ከሚመጣ ይልቅ ቢቀር ይሻላል። ገንዘብ ግን መጠበቅ ይችላል፤ ቀፊራ ገበያ ላይ በቴሌብር የሚከፍል ሰው ምላሽ ዘግይቶበት ዳግመኛ ቢጫን የሚያስፈልገው ፍጥነት ሳይሆን፣ የተደገመው ክፍያ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲቆጠር የሚያደርግ መለያ ቁጥር ነው። የጎርፍ ልኬት ከሁለቱም ይለያል። መቅረት የለበትም፤ ዕድሜውም አጭር ነው።

ስለሆነም ለእንዲህ ያለው መስመር ፓኬቱ አጭር ይሁን፤ ስሕተትን ተቀባዩ ራሱ የሚያርምበት ትርፍ ምልክት ይጨመርበት፤ ድግግሞሹም በጊዜ ተራርቆ ይደረግ። አዲስ ልኬት ሲመጣ አሮጌው ከወረፋው ይውጣ፤ እያንዳንዱ ፓኬትም ያለፉትን ጥቂት ልኬቶች አብሮ ይያዝ፣ አንዱ ቢጠፋ ተከታዩ እንዲተካው። ቢቻል ሌላ መንገድ በዝቅተኛ ሞገድ ይዘጋጅ፤ ዝናብ እንደ ማይክሮዌቭ አይጎዳውምና። ከሁሉም በላይ የመለኪያው ዝምታ እንደ “ሰላም ነው” መቆጠር የለበትም። በየደቂቃው መምጣት ያለበት ልኬት ሦስት ጊዜ በተከታታይ ከቀረ ተረኛውን የሚቀሰቅስ ደወል ይደወል።

የርክክቡ ውል ግን ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ከተላኩት ስንቱ እንደ ደረሱ ብቻ ነው። ደጋግሞ የሚልክ መሣሪያ ይህን ፈተና ምንጊዜም ያልፋል። መጠየቅ ያለበት ከመቶው ስንቱ በ30 ሰከንድ ውስጥ እንደ ደረሱ ነው፤ ፈተናውም በበጋ ቀትር ሳይሆን በሐምሌና በነሐሴ ሌሊት፣ በደጋው ላይ ዝናብ ሲዘንብ ይደረግ።