ከአውሮፕላኑ ጎን የቆሙት ተሽከርካሪዎች



በእንግሊዝ አገር በኬምብሪጅ አቅራቢያ የሚገኘው የዳክስፎርድ አየር ጣቢያ፣ 19ኛው ስኳድሮን እ.ኤ.አ. በ1938 ስፒትፋየር የተባለውን ተዋጊ አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ የተረከበበት ሥፍራ ሲሆን ዛሬ ሙዚየም ነው። የጎብኚው ዓይን የሚያርፈው በአውሮፕላኑ ላይ ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1940 በጦርነቱ የተሰለፈው ስፒትፋየር 386 ሊትር ያህል ቤንዚን፣ ለ8 መትረየሶቹ 2400 ጥይት፣ ሞተሩን ለማስነሣትም በጋሪ የሚቀርብ ባትሪ ያሻው ነበር። ስለዚህ የዚያን ዘመን የአየር ኃይል ኑሮ በሕያው ትርኢት ለማሳየት የሚሻ ሁሉ ቦቴውን፣ አምቡላንሱንና የባትሪውን ጋሪ ጭምር መጠገን ይገባዋል።

መሐንዲሱን የሚያስጨንቀው ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። 4 ቃሬዛ ይጭን የነበረው የኦስቲን ኬ2 አምቡላንስ ሞተር በሠራ ቁጥር የዘመኑ ዕቃ እየተበላ ይሄዳል፤ ሳይሠራ ከቆመ ደግሞ ጎማው ይደርቃል፣ ፍሬኑ ይጣበቃል፣ ጥገናውን የሚያውቀውም እጅ ልምዱን ያጣል።

መፍትሔው ለይቶ መመደብ ነው። የጥንት ቀለሙንና የክፍሉን ምልክት እንደያዘ የቆየው ተሽከርካሪ ሳይነካ ይጠበቅ፤ አስቀድሞ ብዙ አካሉ የተለወጠው ይነዳ። የተለወጠው ዕቃ ሁሉ ይመዝገብ፤ የወጣውም አይጣል። የነጂውና የመካኒኩ ድካም ለተመልካች የሚገለጠው ተሽከርካሪው በእውነት ሲሠራ ነው፤ ትርኢቱም የሚታመነው አዲሱ ዕቃ አሮጌ መስሎ ሳይቀርብ፣ አዲስነቱ በግልጽ ሲነገር ነው።