ከጀልዴሳ እስከ ደቻቱ፦ የርካሽ ቤት ሒሳብ

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



የድሬዳዋን የመኖሪያ ቤት ጉዳይ ለመረዳት ከጀልዴሳ መነሣት ይጠቅማል። ጀልዴሳ ከባቡሩ በፊት በዘይላና በሐረር መካከል የታወቀች የሲራራ ንግድ ማረፊያ ነበረች፤ ከባሕር ጠረፍ የመጣው ግመል ጭነቱን አራግፎ ሸቀጡ በአህያና በበቅሎ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ድሬዳዋ ሲደርስ ንግዱ ወደዚያ ዞረ፤ ሰውም እንጀራውን ተከተለ።

አዲሲቱ ከተማ በደቻቱ ወንዝ ግራና ቀኝ አደገች። በምዕራቡ በኩል ከዚራ በቀጥተኛ መንገድና በዛፍ ጥላ ተነድፋ ተሠራች፤ በምሥራቁ መጋላ በገበያው ዙሪያ ተጠጋግታ ሰፋች። ደቻቱ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ለገበያም ቅርብ ነው። ስለዚህ አቅም ያነሰው ሰው ዳርቻውን መኖሪያ አደረገ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት የደረሰው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎች ገደለ። በርካሽ የተገኘው ቦታ ዋጋው የተከፈለው ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ የርካሽ ቤት ሒሳብ በቁልፍ ርክክብ ዕለት ሊዘጋ አይገባም። ከወንዝ ዳር የተነሣ ቤተሰብ ከገበያው ርቆ ቢሰፍር፣ በኪራይ ያተረፈውን በየዕለቱ ለመጓጓዣ ይከፍላል፤ ካቃተውም ወደ አሸዋው ይመለሳል።

ሁለተኛው ጉዳይ ሙቀት ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ይገኛሉ። ለአዲስ አበባ ብርድ የተነደፈ ቤት በድሬዳዋ ቢደገም፣ ቀጭኑ የብሎኬት ግድግዳና የቆርቆሮው ክዳን ቀን የሰበሰቡትን ሙቀት ወደ ክፍሉ ያስገባሉ፤ ነዋሪውም ለነፋስ ማራገቢያ የኤሌክትሪክ ሒሳብ ይከፍላል። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ ትይዩ መስኮት፣ በረንዳና የግቢ ዛፍ ይህን ወጪ ይቀንሳሉ። ሲሚንቶን መቆጠብም ጥቅሙ ለነዋሪው ኪስ ብቻ አይደለም፤ በዓለም ላይ ከሰው ሥራ ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመቶ ሰባት ያህሉ የሚመነጨው ከሲሚንቶ ምርት ነው።

በገበያ አጠገብ ያለ ደህና ቦታ ውድ መሆኑ አይካድም። ሆኖም ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ፎቅ ቤቶች ግድግዳ ተጋርተው ቢሠሩ፣ ምድር ቤቱም ለሱቅ ቢተው፣ የቦታው ዋጋ ለብዙዎች ይከፋፈላል። ከከተማው በላይ ያሉትን ተራሮች በእርከንና በዛፍ መጠበቅም የቤት ሥራው አካል ነው።

ስለሆነም መሐንዲስ በሚያዘጋጀው የግምት ሰነድ ላይ ሁለት መስመሮች ቢጨመሩ መልካም ነው፦ ነዋሪው በወር ለመጓጓዣ የሚያወጣውና ቤቱን ለማቀዝቀዝ የሚከፍለው። እነዚህ ሳይደመሩ ቤቱን ርካሽ ብሎ መጥራት ያስቸግራል።