የየቲሞች አማናና ገና ያልጠና ቁስል

(ወደ ጅቡቲ ለሚጓዙ የማኅበሩ በጎ ፈቃደኞች፣ ለለጋሾችና ለቤተሰቦች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) ይገባው። የአላህ ሰላትና ሰላም አባታቸውን ሳይወለዱ፣ እናታቸውን በስድስት ዓመታቸው፣ አያታቸውን በስምንት ዓመታቸው አጥተው በየቲምነት ባደጉት በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።



በኅዳር ወር፣ ኢንሻአላህ፣ ስድስት ሆነን ወደ ጅቡቲ እንጓዛለን። ከስድስታችን አንዱ የሐሞት ከረጢት ጠጠር ይዞት በቅርቡ ሆዱ ተከፍቶ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ነው። ተናጋሪው ዛሬ ስለምን ተቀምጦ ይናገራል ብላችሁ ለጠየቃችሁ መልሱ ይኸው ነው። ስለዚህ ጉዳይ ከእናንተ ሁለት ዓይነት ምክር ደርሶናል። አንዳንዶቻችሁ «ይቅር፣ ሌላ ሰው ይሂድ» ብላችኋል። ሌሎቻችሁ ደግሞ «ለየቲም የወጣን ሰው አላህ ይጠብቀዋል፣ ምን ይሆናል» ብላችኋል። ሁለቱም ከውዴታ የመነጩ ናቸው። አላህ ይመንዳችሁ። ነገር ግን ሁለቱም ጥያቄውን ሳይመረምሩ የሚዘጉ ሆነው አግኝተናቸዋል።

በመጀመሪያ ጉዞው ለምን እንዳስፈለገ እንናገር። ኦቦክ በባብ ኤል መንደብ ሰርጥ አቅራቢያ የምትገኝ የጅቡቲ ወደብ ናት። ሰርጡ በጠባቡ ቦታ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስፋት ስላለው ወደ የመንና ከዚያም ወደ ሳዑዲ ለመሻገር የሚሹ ኢትዮጵያውያን ለዓመታት ሲጎርፉበት ኖረዋል። በ2016 ዓ.ም. ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ባሉት ሁለት ሳምንታት ብቻ ሁለት ጀልባዎች ከየመን ሲመለሱ በዚያ ጠረፍ ሰጥመው በአሥሮች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን አልቀዋል። በዚህ መንገድ ላይ ያለ ወላጅ የሚንከራተቱ ልጆችም አሉ፤ በጅቡቲ ከተማ ጎዳናዎችም ያድራሉ።

ገንዘብ በባንክ ይላካል፤ ልብስም በጭነት ይሄዳል። የልጅን ዘመድ ግን ባንክ አያፈላልግም። ልጅ ወረዳውንና ዞኑን ላያውቅ ይችላል። የቀራበትን ሼህ ስም፣ የመስጂዱን ጥግ፣ ሉሑን ያጠበበትን ወንዝ ግን አይረሳም። ከወሎ፣ ከአርሲ፣ ከጅማ ወይም ከሐረርጌ የመጣን ልጅ እንዲህ ባለው ምልክት ወደ አጎቱ ወይም ወደ አክስቱ ደጃፍ ለማድረስ፣ የየአገሩን የቂርአት ቤቶች የሚያውቅ ጠያቂ ያስፈልጋል። ሕመምተኛው መምህር በዝርዝሩ ውስጥ የቆየው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

አሁን ወደ ሕመሙ እንመለስ። አቡ ዳውድ ከጃቢር (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ ውስጥ የሚገኝ አንድ ታሪክ ለጉዳያችን በጣም የቀረበ ነው። ሰሓቦች በጉዞ ላይ ሳሉ አንዱን ድንጋይ መትቶት ራሱን ፈነከተው። ከዚያም ገላውን መታጠብ ግዴታ ሆነበትና ተየሙም ይበቃኝ እንደሆነ ብሎ ባልደረቦቹን ጠየቀ። እነርሱም ውሃ እያለ አይፈቀድልህም አሉት። ታጠበ፤ ሞተም። ወሬው ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በደረሰ ጊዜ የፈረዱበትን ሰዎች ለሞቱ ተጠያቂ አድርገው አጥብቀው ወቀሱ፤ የማያውቅ ሰው መድኃኒቱ መጠየቅ መሆኑንም አስተማሩ። እንግዲህ በቁስለኛ መንገደኛ ላይ ያለ ዕውቀት ማክበድ እንዲህ ያለ መዘዝ አለው። ያለ ዕውቀት ማቅለልም ከዚህ የራቀ አይደለም።

ስለዚህ ጠየቅን። ከቀዶ ሕክምናው እስከ መነሻችን ቀን ስምንት ሳምንት ይሆናል። ሐኪማችን ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ከ5 ኪሎ በላይ የሚመዝን ነገር እንዳይነሣ፣ ከዚያም በኋላ ሸክም በጥቂት በጥቂቱ ብቻ እንዲለመድ አዟል። ሆድ ሲከፈት የተቆረጠው ጡንቻ ከላይ ያለው ቆዳ ከተገጠመ በኋላም ገና ስለሚጠና፣ በችኮላ የተነሣ ሸክም ስፌቱን ከውስጥ ሊያላላው ይችላል። ዋናው ልምምድ የእግር ጉዞ ነው። በመጀመሪያ ከቤት እስከ ደጅ፣ ቀጥሎ እስከ ሰፈሩ መስጂድ፣ አሁን ደግሞ አልሐምዱ ሊላህ ደርሶ መልስ ሆኗል።

ስለ አውሮፕላኑ ብዙ ሰው ሰግቷል። በአውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ቦታ ያህል የሳሳ ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ በረራውም አጭር ነው። ይልቅስ የሚያሰጋው ረጅም ሰዓት ያለ እንቅስቃሴ መቀመጥ ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ባሉት ሳምንታት በእግር ሥር ውስጥ ደም የመርጋቱ አደጋ ስለሚጨምር፣ በመኪና መንገድ ላይ በየሰዓቱ ወርዶ መራመድና ውሃ መጠጣት ያሻል። ባት ካበጠና ካመመ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ቁስሉ ከቀላና መግል ከያዘ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ዓይን ቢጫ ከሆነ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል እንጂ ነገ የሚባል ነገር የለም። ይህን ስድስታችንም በቃላችን ይዘነዋል።

በዚህ ምክንያት ኦቦክን ለወጣቶቹ ትተናል። መንገዱ ረጅም ነው፤ ትልልቆቹ ሆስፒታሎችም ያሉት በጅቡቲ ከተማ ነው። መምህሩ በከተማው ተቀምጦ እዚያ ያሉትን ልጆች ይመዘግባል። ይህን መተው ቀላል አልነበረም። ነገር ግን ሊረዳ ሄዶ ራሱ አስታማሚ የሚሻ ሰው ለየቲሞች የተሰጠውን ጊዜና ገንዘብ ይወስድባቸዋል።

ወሩንም የመረጥነው አስበን ነው። በበጋቸው ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይበልጣል፤ በኅዳር ግን ይለዝባል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁ አሮጌ ነው ብላችሁ የተጨነቃችሁ ተጓዦች አትጨነቁ፤ ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ካርዱ ለዕድሜ ልክ ይሠራል። ለወባ መከላከያ የሚዋጠው እንክብል ግን ከሌላ መድኃኒት ጋር ይስማማ እንደሆነ ሕመምተኛው አስቀድሞ ሐኪሙን መጠየቅ አለበት። መድኃኒት ሁሉ ከነሐኪሙ ወረቀት በእጅ ቦርሳ ይያዝ። ምግብን በተመለከተ፣ ሐሞቱ የወጣለት ሰው ቅባት የበዛበት ምግብ ሆዱን ሊያስቀምጠው ይችላል። እንግዳ ተቀባይ ፍየል አርዶ ሲያቀርብ አልበላም ማለት እንዴት ከባድ እንደሆነ ታውቃላችሁ! ስለዚህ ለአስተናጋጆቻችን ከወዲሁ ልከንባቸዋል።

ስለ ኢባዳውም ተጠይቀናል። የሆድ ቁስል ከውዱእ አካላት ስላልሆነ ለውዱእ አያስቸግርም፤ ጉዳዩ የሚነሣው በገላ ትጥበት ጊዜ ነው። በሻፊዒ መዝሀብ ቁስሉ በፋሻ የተሸፈነ ሰው ጤነኛውን አካል ያጥባል፣ በፋሻው ላይ ያብሳል፣ ተየሙምም ይጨምራል። በሐነፊ መዝሀብ በፋሻው ላይ ማበስ ይበቃዋል። መቆም ላቃተው ሰው ተቀምጦ መስገድ እንደሚበቃው ለዒምራን ኢብን ሑሰይን (ረ.ዐ) የተሰጠው ትምህርት ግልጽ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያሳሰበን የገንዘቡ ነገር ነው። የሰጣችሁት ሰደቃ በአንዳችን እጅ ሳለ ሞት ቢመጣ ወራሾች የሟች ንብረት መስሏቸው ሊከፋፈሉት ይችላሉ። የየቲምን ገንዘብ በግፍ መብላት በሱረቱ አን-ኒሳእ ምን ያህል እንደተወገዘ ለእናንተ ማስረዳት አያሻም። በዚሁ ሱራ ገንዘባቸው ሲመለስላቸው ምስክር እንዲቆም ታዟል። ስለዚህ ገንዘቡ በተለየ ቦርሳ፣ በሁለት ሰዎች ፊርማ ይያዛል። የመዝገቡ አንድ ቅጂ ከእኛ ጋር ይሄዳል፣ ሌላው እዚህ ይቀራል። እያንዳንዱ ተጓዥም ዕዳውንና አደራውን የዘረዘረበትን ኑዛዜ (ወሲያ) ለቤተሰቡ ትቶ ይወጣል። ኢብን ዑመር (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲስ የሚናዘዘው ነገር ያለው ሙስሊም ኑዛዜውን ሳይጽፍ ሁለት ሌሊት እንዳያድር ተመክሯል። ሚስቶቻችን «ይህ ምን የሚሉት ሟርት ነው» ብለው ቅር ተሰኝተዋል። ጤነኛ ሰውም ቢሆን ሲወጣ የሚያደርገው ነው ብለን አስረድተናቸዋል፤ የተቀበሉንም ያልተቀበሉንም አሉ።

ከመነሻችን አምስት ቀን ቀደም ብሎ ሐኪሙ የመጨረሻ ምርመራ ያደርጋል። አይሄድም ካለ አይሄድም። በምትኩ የሚጓዘው ወጣት ኡስታዝ ከወዲሁ ተመርጧል፤ ከመግሪብ እስከ ዒሻእ አብረን እየተቀመጥን ለልጆቹ የሚቀርቡትን ጥያቄዎች፣ የየአካባቢውን ሼሆችና የቂርአት ቤቶች ስም በደብተር አስጽፈነዋል። ቀሪው መምህር ደግሞ ስልኩን ይዞ እዚህ ይጠብቃል። ቡኻሪ ከአቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት፣ ባሪያ ሲታመም ወይም ሲጓዝ በጤናውና በአገሩ ሳለ ይሠራው የነበረው መልካም ሥራ ይጻፍለታል። የተቡክ ዘመቻ ጊዜም ምክንያት አግዷቸው በመዲና የቀሩ ሰዎች በምንዳው ከተጓዦቹ ጋር እንደሆኑ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አብስረዋል። ስለዚህ መቅረት ቢመጣ የሚያዝን ቤተሰብ እንዳይኖር አደራ እንላለን።

ለልጆቹ ልብስና ደብተር የምታመጡ እናቶች፣ ጥቅሎቻችሁ ከ5 ኪሎ እንዳይበልጡ እንለምናችኋለን፤ ሁላችንም ልናነሣቸው እንድንችል ነው። የልጆች ጫማ ገና ጎድሎናል፤ በተለይ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ላሉት። የሚቀበሏችሁ እህቶች ቅዳሜና እሑድ ከዐስር ሶላት በኋላ በማኅበሩ ቢሮ ይገኛሉ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።