ችግኝ ከነአፈሩ፦ ሰፈር፣ ስሜትና የፒያሳ ትምህርት



በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በዙሪያዋ በኮሪደር ልማት ሳቢያ እንደ ዶሮ ማነቂያ ያሉ ነባር ሰፈሮች ፈርሰዋል፤ ከነዋሪዎቻቸውም ብዙዎቹ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛውረዋል። ስለ ሕንፃዎቹ ዕጣ ብዙ ተብሏል። እኔ የማነሣው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ሰፈር ሲፈርስ በሰው አእምሮና በዕለት ተዕለት ምግባሩ ላይ ምን ይደርሳል?

የአራዳን የቀበሌ ቤት በናፍቆት ማስዋብ አልሻም። ጣሪያው ያፈስሳል፤ መጸዳጃውን ብዙ ቤተሰብ ይጋራዋል። ሆኖም ቤትና ሰፈር አንድ አይደሉም፤ ቤቱን የሚያማርር ሰው ሰፈሩን አጥብቆ ሊወድ ይችላል።

አሜሪካዊቷ የሥነ አእምሮ ሐኪም ሚንዲ ፉሊላቭ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በከተማ ማደስ ስም ሰፈራቸው የፈረሰባቸውን ጥቁር አሜሪካውያን ጉዳት ከሥሩ ተነቅሎ ከሚጠወልግ ተክል ጋር አመሳስለውታል። ተፈናቃዩ የሚያጣው ግድግዳውን ብቻ ሳይሆን፣ ሲጨንቀው ወደ ማን እንደሚሄድ የሚያውቅበትን ዓለም ጭምር ነው። በእኛ ዘንድ ይህ ዓለም ቡና የሚጠራራ ጎረቤት፣ በዱቤ የሚሰጥ ባለሱቅ፣ ለቅሶ የሚደርስ ዕድር ነው። ሐዘንተኛው ሐኪም ዘንድ ከመድረሱ በፊት የሚያጽናኑት እነርሱ ናቸው።

ስለ አካባቢ ጥበቃ ስናስተምር አብዛኛውን ጊዜ ዕውቀትን እናስቀድማለን። ነገር ግን ደጁን የሚጠርግ ሰው የሚጠርገው ደጁን የእኔ ስለሚለው ነው። የዕድርን ዕቃ አስቡ፤ አንድ ድንኳን፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበሮችና ድስቶች ብዙ ቤተሰብን ለዓመታት ያገለግላሉ። እኛ ዛሬ ቁጠባዊ አጠቃቀም የምንለውን ዕድርተኛው ስም ሳያወጣለት ኖሮበታል። የዚህ መሠረቱ መተማመን ነው። ጎረቤት ከጎረቤት ሲለያይ መዋዋስ ይቀራል፤ ሁሉም የየራሱን ይገዛል። በእግር ይደረስበት የነበረ ሥራና ቤተ ክርስቲያንም ታክሲ ይጠይቃል።

ታዲያ ከተማ አትታደስ ማለቴ ነውን? አይደለም። አትክልተኛ ችግኝ ሲያዛውር ከነአፈሩ ያነሣዋል። እኛም ቤት ስንደለድል ጎረቤታሞች በአንድ ሕንፃ ወይም በአንድ ግቢ እንዲሰፍሩ፣ ዕድራቸውም ስብሰባውን የሚያካሂድበትና ዕቃውን የሚያስቀምጥበት ስፍራ እንዲያገኝ ማድረግ እንችላለን። በዕጣ ብቻ የሚደረግ ድልድል ግን ሥሩን ከአፈሩ ይለያል።

ውድ ተማሪዎች፣ ነገ የምትፈርስ ሰፈር እንድታጠኑ ስትላኩ የቤቶቹን ቁጥር ብቻ ይዛችሁ አትመለሱ። ማን የማንን ልጅ እንደሚጠብቅ፣ ማን ለማን መድኃኒት እንደሚገዛ ጠይቁና መዝግቡ። በካሳ ስሌት ውስጥ የማይገባው ሀብት ይህ ነውና።