ከጫማው በፊት እግሩን እንለካ

በአይከል ለተሰበሰቡ ካህናትና የአጥቢያ ሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር



ዛሬ እንድንነጋገርበት የተሰጠን ርእስ ስለ ጫማ ነው። ጫማ የጉባኤ መነጋገሪያ መሆኑ ለአንዳንዶቻችን ያነሰ መስሎ ይታየን ይሆናል። ነገር ግን ጌታችን ዝቅ ብሎ የደቀ መዛሙርቱን እግር ማጠቡን በየዓመቱ ጸሎተ ሐሙስ በሥርዓት የምናከብር፣ የጠፋው ልጅ ወደ አባቱ ቤት በተመለሰ ጊዜ ከልብሱና ከቀለበቱ ጋር ጫማም እንደ ተሰጠው የምናስተምር ነንና የእግር ነገር ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ አይደለም።

ጉዳዩን ያነሣነውም ያለ ምክንያት አይደለም። በርካታ አጥቢያዎች ከሙዳየ ምጽዋትና ከበጎ አድራጊዎች በሰበሰቡት ገንዘብ እግራቸውን ለሚያማቸው ችግረኛ ምእመናን ጫማ ለመግዛት አስበዋል። ወደ እኛ የሚመጣው ጥያቄ «በዚህ ገንዘብ ስንት ጥንድ ይወጣል?» የሚል ነው። እኛ ደግሞ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ለየትኛው እግር?» የሚለው ነው እንላለን።

ስሙን መጥራት በማያስፈልግ በአንድ አጥቢያ ከጥምቀት በኋላ የፕላስቲክ ጫማ ታድሎ ነበር። ጫማው በሦስት ቁጥር ብቻ የተገዛ ነው። በዐቢይ ጾም አጋማሽ ቤቶቹን እየዞርን ስንጠይቅ አብዛኛው ጫማ ከምሰሶ ላይ ተሰቅሎ አገኘነው። ባለቤቶቹ በባዶ እግራቸው ናቸው። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት፣ ጫማው መልካም እንደ ነበረ፣ ክፉው የእርሳቸው እግር እንደ ሆነ ነገሩን። ሰጪዎቹንም አመሰገኑ። ያበጠ እግራቸው በጠባቡ ፕላስቲክ ተልጦ ቆስሎ ሳለ ጥፋቱን በራሳቸው እግር ላይ አደረጉ። በየሪፖርቱ «ይህን ያህል ጥንድ ታደለ» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር እኒህን እናት አያሳይም።

በደጋው አገራችን የእግር ሕመም ሲነሣ አስቀድሞ የሚታሰበን በተለምዶ ዝሆኔ የምንለው፣ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት በሽታ ነው። እንግሊዛዊው የቀዶ ጥገና ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ ለዓመታት ባደረገው ምርምር፣ ይህ እብጠት በትንኝ ከሚመጣው የዝሆኔ ዓይነት የተለየ እንደ ሆነና ከእሳተ ገሞራ ዐለት ከተገኘ ቀይ ሸክላ አፈር ጋር እንደ ተያያዘ አሳይቷል። የአፈሩ ረቂቅ ብናኝ በባዶ እግር በሚሄድ ሰው ቆዳ ውስጥ ሰርጎ ይገባል፤ ፈሳሽን ከእግር ወደ ላይ የሚመልሱትን የሊምፍ ቧንቧዎች ያስቆጣል፤ ከዓመታት በኋላ ቧንቧዎቹ ይደፈናሉ፤ ፈሳሹም መመለሻ ሲያጣ እግሩ ያብጣል። በሽታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ ዝናብ በሚበዛበትና እንዲህ ያለ አፈር ባለበት አገር ይገኛል። አይከል ከ2000 ሜትር በላይ ናት፤ የጭልጋ ደጋ ዐለትም የእሳተ ገሞራ ዐለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በመላ አገሪቱ በተካሄደ የዳሰሳ ጥናት ላይ ተመሥርቶ በሽታው በ345 ወረዳዎች እንደሚገኝ፣ የሕሙማኑም ቁጥር 1.5 ሚሊዮን ገደማ እንደሚሆን ተገምቷል። የአማራ ክልል በእጅጉ ከተጎዱት አንዱ ነው።

ለምን አንዱን ይዞ ጎረቤቱን ይተዋል የሚል ጥያቄ በየቤቱ ይነሣል፤ መልሱም ብዙ ጊዜ ርግማን የሚል ነው። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፋሲል ተኮላ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተመው ጥናት ለአፈሩ የመጋለጥ ዝንባሌ በዘር እንደሚወረስ አመልክቷል። የሚወረሰው ዝንባሌው ነው፤ በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እናቱ የታመመችበት ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እግሩ ከታጠበና ጫማ ካደረገ ሳይታመም ሊያረጅ ይችላል። አባቶቻችን ካህናት ይህን አንድ ነገር በዐውደ ምሕረት ብታስተምሩልን፣ በእግራቸው እብጠት ምክንያት የተከለከሉ ጋብቻዎችና ከማኅበር የራቁ ሰዎች ነገር ይለወጥ ነበር ብለን እናምናለን።

እንግዲህ ወደ ጫማው እንምጣ። በገበያችን በብዛት የሚገኘው ኮንጎ የምንለው የፕላስቲክ ጫማ ነው። ዋጋው ይቀላል፣ በውሃ ይታጠባል፣ ጭቃ አያበላሸውም፤ ለጤነኛ እግር ክፉ አይደለም። ለሚያም እግር ግን አይዘረጋም፣ ላብ ያቁራል፣ ጠርዙም ቆዳ ይልጣል። ከጎማ የሚሠራው በረባሶ ለእሾህና ለድንጋይ ጽኑ ጋሻ ነው፤ አፈርን ግን አይከለክልም። ነጠላ ጫማ ደግሞ ተረከዝን ስለማይዝ ጣቶች በየእርምጃው ሲጨብጡት ይውላሉ፤ ከቤት እስከ ደጅ ካልሆነ ለሩቅ መንገድ አይሆንም። ሸራ ጫማ ከቆዳ ይቀላል፣ እግርን ያስተነፍሳል፤ ነገር ግን በዋልካ ጭቃ አንድ ክረምት መዝለቁን እንጠራጠራለን። ለሥራም ለመንገድም የሚሆን ከተገኘ፣ ከላይ ለስላሳ ቆዳ ያለው፣ እግርን ሁሉ የሚሸፍንና በክር ወይም በሰፊ ማሰሪያ የሚታሰር ጫማ ይመረጣል። ማሰሪያው ለጌጥ አይደለም። ያበጠ እግር ጠዋትና ማታ አንድ አይሆንም፤ ክሩ ጠዋት ይጠብቃል፣ ማታ ይላላል።

የጫማን ደግነት በሱቅ ቆመን በእጃችን ልንፈትን እንችላለን። የተረከዙን ጀርባ በአውራ ጣት ስንጫነው በቀላሉ ከታጠፈ ተረከዝን አይደግፍም። ጫማውን ጫፍና ጫፉን ይዘን ስናጥፈው መታጠፍ ያለበት ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ነው፤ ከወገቡ የሚታጠፍ ወይም እንደ ጨርቅ የሚጨመቅ ከሆነ ይለፈን። ሶሉ ድንጋይ የማያሳልፍ ወፍራም፣ ውስጡ ግን ለስላሳ ይሁን፤ ተረከዙ አይርዘም። እጃችንን ወደ ውስጥ አስገብተን ስንዳስስም ጎርባጣ ስፌት ወይም የወጣ ሚስማር እንዳይኖር እንይ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ልክ ነው። ምእመኑ በካርቶን ላይ ይቁም፤ ተቀምጦ ሳይሆን ቆሞ፣ ጠዋት ሳይሆን እግር ወደሚያብጥበት ወደ ማታ። እርሳሱን ቀጥ አድርገን የሁለቱንም እግር ዙሪያ እንሣል፤ ግራና ቀኝ እኩል የሆነለት ሰው ጥቂት ነውና። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ጨምረን ካርቶኑን እንቁረጥ። በገበያ ይህን ካርቶን ወደ ጫማው ማስገባት ነው፤ ከታጠፈ ወይም ከተጨማደደ ጫማው ጠባብ ነው፤ ሻጩ «ሲደረግ ይሰፋል» ቢለንም አንስማው። ለሚያም እግር የሚሆን ጫማ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚመች ነው። ላበጠ እግር ደግሞ የካርቶኑ ልክ ብቻ አይበቃም፤ ጣቶቹ በሚጀምሩበትና ከፍ ባለው የእግር ጀርባ ላይ ክር አዙረን፣ ክሩን በዚያው ልክ ቆርጠን ከካርቶኑ ጋር እንሰር። ካልሲም ሁለት ጥንድ ይታሰብ፤ አንዱ ሲታጠብ አንዱ እንዲደረግ።

እብጠቱ ከፍ ያለ ሰው በሱቅ ጫማ አያገኝም፤ እርሱን ወደ ጫማ ሰፊ መውሰድ ይገባል። በወላይታ ሶዶ ሞሲ ፉት በሚባል ስም የሚታወቀው ድርጅት ለሕሙማን በልካቸው የቆዳ ጫማ ሲያሰፋ ቆይቷል፤ ከሕሙማኑም መካከል ሙያውን ተምረው ጫማ ሰፊዎች የሆኑ አሉ። በእኛም ከተማ ቆዳ ቆርጦ መስፋት የሚያውቁ ባለሙያዎች አሉን። ሃምሳ ጥንድ ጠባብ ጫማ ከምናድል ሃያ ጥንድ በልክ ብናሰፋ ይሻላል ስንል፣ ሠላሳው ሰው ይቅር ማለታችን እንዳይመስልብን፤ የተሰቀለ ጫማ ማንንም አላጫማም ማለታችን ነው።

ጫማ ብቻውን አያድንም። እግሩ በየቀኑ በውሃና በሳሙና መታጠብ፣ በጣቶች መካከል ሳይቀር በደንብ መድረቅ፣ በቫዝሊን መለስለስ አለበት፤ ሲቀመጡም እግርን ከፍ ማድረግ ይረዳል። በምሥራቅ ጎጃም በ696 ሕሙማን የተደረገና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ እንዲህ ያለውን እንክብካቤ ከካልሲና ከጫማ ጋር የያዙት ሕሙማን እግርን በድንገት የሚያግልና የሚያቀላ፣ ከትኩሳት ጋር ለቀናት የሚያስተኛው ሕመም ከአምስት አንድ ያህል እንደ ቀነሰላቸው አሳይቷል። ለገበሬ በእርሻ ወቅት ከአልጋ የዳነች አንዲት ሳምንት ምን እንደምታህል እናንተ ከእኛ ይልቅ ታውቃላችሁ። ጫማውን ለገበያና ለበዓል አስቀምጦ ለእርሻ ማውለቅ ልማዳችን መሆኑም ይታወቃል፤ አፈሩ የሚያገኘን ግን በእርሻው ላይ ነው። በቤት ውስጥም ወለሉ አፈር ነውና እናቶች ቀኑን ሙሉ ይረግጡታል።

በስኳር በሽታ ወይም በሥጋ ደዌ ምክንያት እግራቸው የደነዘዘ ወገኖች ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። የእነርሱ እግር አያማቸውም፤ አደጋውም ይኸው ነው። ጠጠር በጫማቸው ውስጥ ይዘው ሲሄዱ ቢውሉ አይሰማቸውም። ጫማ ከማድረጋቸው በፊት በእጅ ይዳስሱት፤ ማታ ማታ ቤተ ሰብ ውስጠ እግራቸውን ይይላቸው፤ ቁስል ከታየ ለነገ ሳይባል ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። በአዲስ አበባ የሚገኘው የአለርት ሆስፒታል ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ልዩ ጫማ የሚሠራበት ክፍል እንዳለውም ብናውቅ መልካም ነው።

ስለ ካህናቱም ጥቂት እንበል። ሌሊቱን በማሕሌት፣ ረፋዱን በቅዳሴ በድንጋይ ወለል ላይ በባዶ እግር የሚቆም አገልጋይ ጠዋት ከመኝታው ሲነሣ የመጀመሪያዋ እርምጃ ተረከዙን እንደ ሚስማር ብትወጋው አይደነቅ፤ በውስጠ እግር የተዘረጋው ጅማት ደክሞ ነው። ቅዱስ ያሬድ የንጉሡ ጦር እግሩን ወግቶት ሳለ ከዜማው ጣዕም የተነሣ አልተሰማውም ይላል ትውፊታችን፤ እርሱ በዚያ ጸጋ ነበረ፤ እኛን ግን ተረከዛችን ይሰማናል። መቋሚያው ክብደትን እንዲጋራ እንደገፍበት፤ ከቤት ከመውጣታችን በፊት ባታችንን ዘርጋ ዘርጋ እናድርግ፤ ወለሉም ወፈር ያለ ምንጣፍ ይነጠፍበት፤ ለሙሴ ጫማውን እንዲያወልቅ ከተሰጠው ትእዛዝ ጋር የሚጣላ ምንም ነገር የለበትም።

በዚህ ትእዛዝ ምክንያት ከቤተ መቅደስ የቀሩ ምእመናን እንዳሉ ግን እናስተውል። ጫማቸውን ሲያወልቁ እግራቸው እንዳይታይ፣ ሽታውም እንዳይሸት አፍረው ከአጥር ውጭ ቆመው አስቀድሰው የሚመለሱ፣ ጭራሹንም የቀሩ አሉ። ሥርዓቱ ይጠበቅ። ነገር ግን በደጀ ሰላሙ ውሃ የሞላ ማሰሮ፣ ሳሙናና መቀመጫ ድንጋይ ቢዘጋጅ፣ ንጹሕ ካልሲ አድርጎ መቆም በአስተዳዳሪው ፈቃድ በይፋ ቢነገር፣ ከበሩ እስከ ደረጃው ያለው መንገድ ንጣፍ ድንጋይ ቢለብስ፣ እኒያ ሰዎች መግቢያ ያገኛሉ። ይህ ሥራ ከጫማው ግዢ ያነሰ ገንዘብ የሚጠይቅ ነው።

ስለ ሥራው አካሄድ እንዲህ ተስማምተናል። ልክ የሚወሰደው በዐውደ ምሕረት በሕዝብ ፊት አይደለም፤ በየቤቱ ወይም በሰንበቴ ቤት፣ ለወንዶች ወንድ ለሴቶች ሴት ተመድቦ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ነው። በካርቶኑ ላይ የሰውየው ስም ሳይሆን የአጥቢያው ስምና ተራ ቁጥር ይጻፍ፤ መዝገቡ በጸሐፊው እጅ ይቆይ። ካርቶኖቹና ክሮቹ ሲሰበሰቡ ከየአጥቢያው ሁለት ሰው፣ ቢቻል አንዱ እግሩን የሚያመው ሆኖ፣ ከእኛ ጋር ወደ ገበያ ይወርዳል። የመጀመሪያው ዙር ጫማ ከታደለ ከአንድ ወር በኋላ ቤቶቹን ዳግመኛ እንዞራለን፤ የምናየውም የእያንዳንዱ ጫማ ሶል ምን ያህል እንዳለቀ ነው።