ግድግዳው ከአጥር ውጭ ይሁን
(በተመራቂዎች የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



ስለ ወጣት የቪዲዮ አርት ባለሙያዎች ተናገር ስላላችሁኝ ወሬ ሳላበዛ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ተማሪዎቻችን የሚሠሯቸው የሙከራ አጫጭር ፊልሞች በመመረቂያ ሰሞን አዳራሽ ውስጥ ለራሳችን ብቻ ከሚታዩ፣ ማታ ማታ መንገድ ዳር ግድግዳ ላይ ይታዩ ነው የምለው።

«የሙከራ ፊልም ደግሞ ምንድን ነው?» የምትሉ የምህንድስናና የሕግ ልጆች አላችሁ፤ አውቃችኋለሁ። ተዋናይ ላይኖረው ይችላል፤ ታሪክም ላይኖረው ይችላል። ሠዓሊው አንዱኑ ሸራ እየቀባ፣ ፎቶ እያነሣ፣ መልሶ እየቀባበት ሥዕሉን ሊያስኬደው ይችላል። የዕዝራ ውቤ «ሂሳብ» እንዲህ የተሠራ ነው። ታክሲ የተሳፈሩትን የአህያ፣ የፍየልና የውሻ ቀልድ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አህያዋ ከፍላ ወረደች፣ ፍየሏ ሳትከፍል ሮጠች፣ ውሻው ደግሞ መልሱን ፍለጋ እስከ ዛሬ መኪና ያባርራል። ይህን ለማየት የሥነ ጥበብ ዲግሪ ያስፈልጋል የሚል ካለ ይነሣና ያስረዳኝ!

በ2008 ዓ.ም. የአዲስ ቪዲዮ አርት ፌስቲቫልን የጀመረውም ዕዝራ ነው፤ ሥራዎቹ ከጋለሪ ወጥተው ሰው በሚመላለስበት ቦታ ጭምር እንዲታዩ። እኔን የሚስበኝ ይኸው ነው። አዳራሽ የገባ ሰው በይሉኝታ እስከ መጨረሻው ይቀመጣል፤ አጨብጭቦም ይወጣል። ታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ይሉኝታ የለበትም። ካልያዘው ፊቱን ያዞራል፤ ከያዘው ተራው ሲደርስ «እናንተ ቅደሙ» ይላል። ይህን ዓይነት እርማት በቀይ እስክሪብቶ መስጠት አይቻልም፤ መምህሮቼ ይቅር በሉኝ። «ሕዝቡ አይገባውም» የሚሉም አሉ። ዲኤስቲቪ ቤት ቆሞ 90 ደቂቃ ኳስ የሚያይ ሰው 4 ደቂቃ ፊልም አያቅተውም።

ዝግጅቱ ከባድ አይደለም። እኛ አገር ዓመቱን ሙሉ በጊዜ ስለሚመሽ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል መጀመር ይቻላል። ከጥቅምት እስከ ጥር ዝናቡም ብዙ አያስቸግርም። የመማሪያ ክፍል ፕሮጀክተር ይበቃል፤ ግን የመንገድ መብራት ያረፈበት ግድግዳ ላይ ምስሉ ይደበዝዛልና ጨለም ያለውን መምረጥ፣ ምስሉንም አነስ ማድረግ ነው። የሚያስቸግረው ድምፅ ነው። በጥሩምባ መሃል ሹክሹክታ አይሰማም። ድምፁ ዋናው የሆነ ሥራ አዳራሹ ውስጥ ይቆይ፤ ሁሉም ይውጣ አላልኩም።

ከተመረቁት ልጆች የሠርግ ቪዲዮ የሚቀርፁ አሉ። ክቡር ሥራ ነው፤ እንጀራ ነው። የራሳቸው ፊልም ግን አንዴ ታይቶ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ይቀራል፤ ዲስኩ ሲበላሽ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ማኅበራችን ለሚታየው ሥራ ሁሉ ለባለቤቱ ይክፈል፣ ትንሽም ቢሆን። «ዕድል ሰጠንህ» ብሎ በነፃ ማሳየት ነውር ነው። ቤተ መጻሕፍቱም አንድ ቅጂ ያስቀምጥ።

በታክሲ መጠበቂያው በኩል ያለው የውጭ አጥራችን ለዓመታት ማስታወቂያ ሲለጠፍበት ኖሯል። ለአራት ቅዳሜ ማታ እንዲፈቀድልን የሚጠይቅ ደብዳቤ ጽፌ ይዤ መጥቻለሁ። ከምሳ በፊት ሦስት መምህራን ቢፈርሙልኝ ሰኞ ጠዋት አስገባዋለሁ።